ማሽኑ ያጸዳው ቀሚስ

በዚያ ስቱዲዮ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። «ወይዘሮ ጥራት» ነው የሚሏት፤ መጀመሪያ ለሹፈት ነበር፣ ኋላ ግን ለምዶባቸው የምር ሆነ። ሥራዋ ቪዲዮ ማቀናበር ነው። ሰው ሰርጉን፣ ምርቃቱን፣ የልጁን ልደት አስቀርጾ ይመጣል፤ እሷ ቆርጣ፣ ቀጥላ፣ ቀለሙን አስተካክላ፣ አጽድታ ታስረክባለች። መቼ እንደምታስረክብ ግን አትጠይቁ። ሙሽሮቹ ልጅ ወልደው፣ ልጁ በእግሩ መሄድ ጀምሮ የሰርጋቸውን ቪዲዮ የተቀበሉ አሉ ተብሎ ይወራባታል። ውሸት ነው፤ ልጁ ገና እየዳኸ ነበር።

አብሯት የሚሠራው ካሜራማን ወፍራምና ተረበኛ ሰው ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ አንቺ ጋ ግን ተፈልፍሎ፣ ዶሮ ሆኖ፣ አርጅቶ ነው የሚሄደው» ይላታል። እሷም መልስ አታጣም፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብላው ወደ ስክሪኗ ትዞራለች።

ይህ አመል ከሰማይ አልወረደባትም፤ ከታላቅ እህቷ የወረሰችው ነው። «እትዬ» ነው የምትላት፤ ለእሷ እህትም እናትም ናት። እናታቸው ስትሞት ይቺ ገና የወተት ጥርሷን ያልነቀለች ነበረች፣ እትዬ ደግሞ ራሷ ለጋ ኮረዳ። እትዬ ልብስ ሰፊ ናት። ትንሿን ከስፌት መኪናዋ ጠረጴዛ ስር አስቀምጣ፣ ቅዳጅ ጨርቅ እያስጨበጠች፣ «ሚጢ» እያለች አሳደገቻት። ሚጢም ከጠረጴዛው ስር ሆና ስትሰማ ያደገችው ከመኪናው ኳኳታ ይልቅ የመተርተር ድምፅ ነው። እትዬ አንዲት ስፌት ከዘመመች ሙሉውን ትተረትረዋለች። ደንበኛዋ «ኧረ ተይው፣ ማን ያየዋል?» ብትላት «እኔ አይቼዋለሁ» ብላ ምላጯን ታነሳለች። እንግዲህ እንዲህ ባለች ሴት እጅ ያደገ ሰው ነገር ቢያንዛዛ ይፈረድበታል?

ባሏ ከሞተ የቆየባት እትዬ አንዲት ልጅ አለቻት። ይቺ ልጅ ልታገባ ሆነ፤ ሙሽራው የሚሠራው ራቅ ያለ ከተማ ስለሆነ ሰርጉም እዚያው እንዲሆን ተቆረጠ። እትዬ የሙሽራዋን ቀሚስ ሥራ ለማንም አልሰጠችም። በነጭ ጨርቅ ላይ በነጭ ክር፣ ከአንገትጌው ጀምሮ እስከ እጅጌው ጫፍ፣ ቅጠል በቅጠል አድርጋ በእጇ ጠለፈችው። ከሩቅ ላየው ሜዳ ነጭ ጨርቅ ነው። ጠጋ ብሎ ላየው ግን አጀብ የሚያሰኝ ነበር፤ ቅጠሎቹ ሥር ሥራቸው ሳይቀር ይታያል።

በሥራው መካከል ልቧ ታመመ። ደረጃ መውጣት አቃታት፣ ከዚያ መቀመጥ፣ ከዚያ ተኝታም ትንፋሿ ያጥራት ጀመር። የመጨረሻዎቹን ቅጠሎች ትራስ ተደግፋ ነው የጨረሰቻቸው። ልጅቷ አስቀድማ ወደ ሙሽራው ከተማ ሄዳ ስለነበር ቀሚሱ በካርቶን ታሽጎ በሚጢ እጅ ተላከ። ስለዚህ እትዬ ያንን ቀሚስ በልጇ ገላ ላይ አላየችውም። በዚህ ላይ የሙሽራው አክስቶች «ምን አደከማት? የሚያብለጨልጭ ከሱቅ መከራየት እየተቻለ» ብለዋል ተብሎ ጆሮዋ ገብቷል። ልጅቷ እንቢ ብላለች፤ ወሬው ግን እትዬ ልብ ውስጥ እንደ እሾህ ተሰክቶ ቀርቷል።

ሆስፒታሉ ለኦፕራሲዮን የቀጠራት ልክ ከሰርጉ በማግስቱ ነው። ዘመድ አዝማዱ ሰርጉ ይተላለፍ ቢል በጄ አላለችም። ሐኪሙ ተስፋ እንዳለው ተናግሯል፤ ቃል ግን አልገባም። እሷ ያንን ሰምታ ወደ ቤቷ ተመለሰችና የስፌት መኪናዋን በጨርቅ ሸፈነችው። የማታውሰውን፣ ማንም እንዲነካባት የማትፈልገውን ትልቁን መቀሷን አውጥታ ለሚጢ ሰጠቻት። ሚጢ መቀሱን እያመነታች ተቀበለች። ምክንያቱም እትዬ በእነዚያ ቀኖች ስለ ብዙ ነገር ተናግራለች፤ ስለ ቤቱ ቁልፍ፣ ስለ አበቦቹ፣ ስለ ጎረቤቷ ያልተሰፋ ኮት። «ስድን» የሚል ቃል ግን ከአፏ አልወጣም። የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኦፕራሲዮን ክፍል ሳትገባ ልጇን በቀሚሷ እንድታያት።

ሚጢ አመጣልሻለሁ ብላ ቃል ገባች። ቃሏ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ኩራቷም ተጨመረበት፤ ማንም በስልክ ያነሳውን ለእትዬ እንዳይልክ ዘመዱን ሁሉ አስጠነቀቀች። እትዬ የልጇን ሰርግ የምታየው እሷ ራሷ ባቀናበረችው፣ እንከን በሌለው ምስል ነው አለች። ሰዉም እሺ አላት፤ ከወይዘሮ ጥራት ጋር ማን ይከራከራል።

ሰርጉ አማረ። አዳራሹ ግን በሻማ ብቻ ነበር የበራው፤ ሙሽሮቹ ደማቅ መብራት አይብራብን ብለዋል። ለዓይን ደስ ይላል፣ ለካሜራ መከራ ነው። እነሱ የሚቀርጹት ደግሞ በጥሬው ነው፤ ካሜራው ያየውን ሳይጨምቅና ሳያሳምር እንዳለ ያስቀምጠዋል። ጎህ ሲቀድ ተነስተው፣ ካሜራማኑ እየነዳ እሷ ሃርድ ዲስኩን እቅፏ ውስጥ ይዛ፣ ረፋዱ ላይ ስቱዲዮ ገቡ። ፋይሉን ስትከፍተው ጨለማው ሁሉ ብናኝ ለብሷል። ኖይዝ የሚሉት ነው፤ በደብዛዛ ብርሃን የተቀረጸ ምስል ላይ እንደ አሸዋ የሚርመሰመስ ነገር።

ሙያዋ ነውና አልደነገጠችም። ሙሉውን ለማሽኑ ከመልቀቋ በፊት የብናኝ ማጽጃውን ልክ በአንድ ቦታ ላይ ሞከረች። የትኛው ቦታ ላይ? ፊት ላይ ነዋ። የሰርግ ኤዲተር ሁሉ የሚሞክረው የሙሽራዋን ፊት አጉልቶ ነው፤ ፊቷ ከጠራ ሁሉም ጠራ ይባላል። ልኩን ጨመረች፣ አሁንም ጨመረች፤ ያቺ ልጅ ፊቷ እንደ ጨረቃ ወጣ። ሚጢ ደስ አላትና ሬንደሩን፣ ማለትም ሙሉውን የማቀነባበሩን ሥራ፣ ለቀቀችው። ኮምፒውተሩ ማራገቢያውን እያጓራ እያንዳንዷን ምስል ማጽዳት ያዘ። የሚፈጅበትን ጊዜ ሲነግራት እስከ ኦፕራሲዮኑ ሰዓት ለጥቂት ይደርሳል።

ግን የማሽን ነገር ታውቁታላችሁ። ይቀራል ያለው ጊዜ በመቀነስ ፈንታ እየጨመረ ሄደ። ካሜራማኑ ወንበሩን ጎትቶ አጠገቧ ተቀመጠ። በዚያን ጊዜ አልቀለደም። ሳይጸዳ እንዳለ ብታወጣው ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ እንደሚደርስ ነገራት፤ እህቷ የምታየው ልጇን እንጂ ብናኝ እንዳልሆነም ነገራት። እሷ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ አለች። አንዲት የዘመመች ስፌት የማታልፍ ሴት፣ በሕይወቷ የመጨረሻው ሊሆን በሚችል ቀን፣ አሸዋ የተነዛበት ምስል አሳያታለሁ? ይህ ነበር ክርክሯ። ከፍቅር የመጣ ስለሆነ እሱም አልገፋበትም።

ስልኳ ጮኸ። የሆስፒታሉ ነርስ ናት። ከእትዬ በፊት የነበረው በሽተኛ ትኩሳት ይዞት ስለተላለፈ የእትዬ ተራ ቀድሟል። ቶሎ ካልመጣች አታገኛትም።

ሚጢ ክው አለች። ማሽኑ የጨረሰው የሙሽራዋን መግቢያ ብቻ ነው፤ በሩ ተከፍቶ፣ በወንበሮቹ መካከል አልፋ፣ ሙሽራው ጋ እስክትደርስ። እሱኑ ብቻ ላፕቶፑ ላይ ገለበጠችው፤ የቀረውን ማሽኑ እየሠራ ይቆይ ብላ ተወችው። ሃርድ ዲስኩንም ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ማሽኑ የሚሠራው ከቅጂው ቢሆንም ዋናውን ትታ ከስቱዲዮ መውጣት አይሆንላትም። ካሜራማኑ መኪናውን አስነሳ። መንገዱ ተጨናንቆ ነበር፤ እሷ ያን ጊዜ ያልተሳለችው ስለት የለም።

እትዬን የኦፕራሲዮን ልብስ ለብሳ፣ ጸጉሯ በስስ ቆብ ተሸፍኖ፣ አልጋዋ ቀና ተደርጎላት አገኘቻት። እጆቿ ብርድ ልብሱ ላይ ተዘርግተዋል። ሚጢ እነዚያን እጆች ሥራ ፈትተው አይታቸው አታውቅም። ስማት፣ ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከፈተችላት።

ምስሉ ጥርት ያለ ነበር። የሻማዎቹ ብርሃን፣ የግድግዳው ጥላ፣ የልጅቷ ፊት፣ አንዲት ብናኝ የለበትም። እትዬ መነጽሯን አድርጋ አንገቷን ሰገግ አደረገች። ልጇ ስትገባ ፈገግ አለች። ቀጥሎ ፈገግታው ቀስ እያለ ከፊቷ ጠፋ። ደግመሽ አሳዪኝ አለች። ተደገመላት። ጣቷን ወደ ስክሪኑ አስጠግታ እጅጌው ላይ፣ አንገትጌው ላይ አሳረፈችው። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች።

«ያምራል። ከየት ተከራዩት?»

ሚጢ መጀመሪያ አልገባትም። «ምኑን እትዬ?»

«ቀሚሱን። አትዋሹኝ እንጂ ደግ አደረጋችሁ። እሷም የሰው ዓይን ፈርታ ይሆናል፤ አልቀየማትም።»

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። ቁጣ ቢኖር ይሻል ነበር። ሚጢ ማለች፣ ተገዘተች፤ ካርቶኑን ራሴ ፈትቼ፣ ራሴ አልብሼ አለች። እትዬ ራሷን ነቀነቀች። በሽተኛ እንዳይከፋው የሚዋሸውን ውሸት እሷም ለስንቱ ዋሽታለች፣ ታውቀዋለች። ልጅቷ ጋ ይደወል ቢባል ገና መንገድ ላይ ናት፣ ስልኳ አይሠራም። ቢሠራስ ምን ይጠቅማል?

«ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» አለች እትዬ። «እኔ የሠራሁት ቅጠል አለው። ይሄ ሜዳ ነው።»

ሚጢ ያኔ ስክሪኑን እንደ ኤዲተር ሳይሆን ከጠረጴዛው ስር እንዳደገችው ልጅ አየችው። እውነትም ሜዳ ነው። እጅጌው እንደ ወረቀት ለስልሷል፤ አንገትጌው በፕላስቲክ የተሠራ ይመስላል። ለማሽን ነጭ ላይ ያለች ቀጭን ነጭ ክር በምን ከብናኝ ትለያለች? ጥቃቅኑን አጽዳ ተብሏል፣ ጥቃቅኑን ሁሉ አጸዳው። እሷ ደግሞ ልኩን የሞከረችው ፊት ላይ ነው፤ አንድም ጊዜ ዝቅ ብላ ጨርቁን አላየችም። የልብስ ሰፊ እህት ሆና ጨርቁን አላየችም። እህቷ ትራስ ተደግፋ፣ ትንፋሽ እያጠራት የሠራችውን፣ እሷ ግማሽ ቀን ሙሉ ማሽን አስጓርታ ጠርጋ ጥላዋለች።

ነርሷ አልጋውን የሚገፋ ሰው አስከትላ ገባች። ጊዜው ደርሷል አለች።

ግን እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፤ ሃርድ ዲስኩ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ሚጢ ነርሷን በእግዜር ይዤሻለሁ ብላ ትንሽ ጊዜ ለመነቻት። ዲስኩን ሰካች፣ ጥሬውን ፋይል ፈለገች፣ ከፈተችው። ያቺ ትንሽ ላፕቶፕ ያንን የሚያህል ፋይል መሸከም አትችልም። አንዷን ምስል አሳየችና ቆመች። አሰበች፣ አሰበች፣ ሌላዋን አሳየች። ምስሉ ጨለማ ነው፣ ቀለሙ ገርጥቷል፣ አሸዋው ይርመሰመሳል። ወይዘሮ ጥራት ይህንን ለደንበኛ ከምታሳይ ሞቷን የምትመርጥ ሴት ነበረች።

ልጅቷ በሩ ላይ ታየች። ቆመች። አንድ እርምጃ ገባች። ቆመች። ምስሉ ሲቆም ሚጢ እጅጌውን አጎላችው።

እትዬ መነጽሯን መልሳ አደረገች። ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ነርሷም ሳታስበው ከአልጋው ራስጌ ጎንበስ ብላ ታይ ጀመር። ከብናኙ መካከል ቅጠሎቹ አሉ፤ አንዱ ከአንዱ ተያይዞ፣ ከክንዷ እስከ አንጓዋ ይወርዳል። እትዬ ግን የምትፈልገው ሌላ ነገር ነበር። ላፕቶፑ በተንተባተበ ቁጥር፣ አንዷ ምስል በቆመች ቁጥር፣ ዓይኗ ቅጠል በቅጠል ይወርዳል። በድንገት ጣቷን ግራ እጅጌው ላይ ተከለች።

«ይቺት! ይቺ ቅጠል ዘማለች። ያን ቀን ነው፣ ያ ክፉ ቀን፤ መርፌውን መያዝ አቅቶኝ። ፈትቼ ልሠራት ብዬ አቅም አጣሁ፣ እንዲሁ ላክኋት።» ከዚያ ሳቀች፤ ትንፋሽ የሌለው፣ ሳል የቀላቀለ ሳቅ ነው። «እሷው ናት። የኔው ቀሚስ ነው። ልጄ ለብሳዋለች።»

ከዚህ በኋላ ነው ገና ልጇን ያየችው። እንዴት እንደምትራመድ፣ ከኋላ የሚጎተተው ጨርቅ እንዴት እንደሚከተላት፣ እንባዋን ላለማፍሰስ ከንፈሯን እንዴት እንደነከሰች። ሁሉንም እየቆመ እየሄደ በሚመጣው ምስል አየችው። እንባዋ በመነጽሯ ስር ወረደ፤ አልጠረገችውም። ሚጢ ይቅር በይኝ አለቻት፣ የሆነውን ሁሉ በአጭሩ ነገረቻት። ማሽኑ ቅጠሉን ከቆሻሻ ቆጥሮት ነው አለቻት። እትዬ ሰምታ ስታበቃ፣ ማሽን ምን ያድርግ፣ ያዘዘው ሰው ነው እንጂ ብላ ጸጉሯን ዳበሰቻት።

ነርሷ የአልጋውን ፍሬን ለቀቀች። ኮሪደሩን አብረው ሄዱ፤ ሚጢ የአልጋውን ጠርዝ ይዛ። ከዚያ ወዲያ ዘመድ የማያልፍበት በር ጋ ሲደርሱ እትዬ እጇን ያዘቻት።

«መቀሴ የት ነው ያለው?»

«ቤት ነው እትዬ።»

«ለማንም እንዳትሰጪብኝ። ያቺን ቅጠል ስድን ፈትቼ ነው የምሠራት፤ እንዲህ ሆና አትቀርም።»

በሩ ተዘጋ። ሚጢ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች፤ ስቅስቅ ብላ፣ የሚያይ ሰው አለ የለም ሳትል። «ስድን» ብላለች። በእነዚያ ቀኖች ሁሉ ያልወጣው ቃል ወጣ። ካሜራማኑ ከመኪና ማቆሚያው መጥቶ ሲያገኛት ክፉ ነገር የሰማ መስሎት ፊቱ አመድ ሆነ። ነገሩን ስታስረዳው አጠገቧ ቁጭ አለና እሱም ዓይኑን አሻሸ። ስቱዲዮው ውስጥ እየሠራ ያለውን ማሽን ትዝ ያሰኛት እሱ ነው። ደውለህ የጥበቃውን ሰውዬ ሶኬቱን ንቀል በለው አለችው። ሊያልቅ እኮ ትንሽ ነው የቀረው ብሎ ሊጀምር አለና የፊቷን ሁኔታ አይቶ ደወለ።

እንግዲህ ልባችሁን አላንጠለጥል፤ እትዬ ዳነች። ቀላል አልነበረም፤ ሐኪሙ ሲወጣ ራሱ መቆም አቅቶት ወንበር ስቧል። ሙሽራዋ ሮጣ ደርሳ እናቷ ዓይኗን ስትገልጥ አጠገቧ ነበረች። ቪዲዮውም በጊዜው ተሠራ፤ ሚጢ ሁሉንም እንደገና ጀምራ፣ ፊቱን ለብቻ፣ ጨርቁን ለብቻ እያየች፣ ማጽጃውን ቀነስ አድርጋ። ጨለማው ላይ ዛሬም ትንሽ አሸዋ አለ።

እትዬ አቅሟ መለስ ሲልላት መጀመሪያ ያስመጣችው ቀሚሱን ነው። ልጅቷ ኧረ ተይው እማዬ፣ ማን ያየዋል ብላ ለመነቻት። መልሱን የምታውቁት ነው። እትዬ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ፣ የስፌት መኪናዋን ጨርቅ ገፍፋ፣ መቀሷን ከሚጢ እጅ ተቀበለች። ግራ እጅጌውን ጭኗ ላይ ዘርግታ ያቺን የዘመመች ቅጠል ክር በክር መፍታት ጀመረች። እያጉረመረመች ነው የምትፈታው፤ ዓይኗን ትረግማለች፣ መርፌውን ትረግማለች፣ ዝም ብላ ትስቃለች። ሚጢ ካሜራዋን አውጥታ እጆቿን ቀረጸቻቸው። ከሰዓት በኋላ ደመና ሆኖ ስለነበር ብርሃኑ አልበቃም፣ ምስሉም ብናኝ በብናኝ ሆነ። ሚጢ ያንን ፋይል እስከ ዛሬ አላጸዳችውም።